ለድብ የተሰቀለ ቋንጣ

ቋንጣ ፍርፍር በቀረበልኝ ቁጥር ድብ ይታየኛል። ባለቤቴ ይስቅብኛል፤ እሱ ምን አለበት፣ ስፕሪንግፊልድ ሶፋ ላይ ያደገ ሰው ነው። ባለፈው ሳምንት አሌክሳንድሪያ አንድ የሐበሻ ሱቅ ገብቼ እንጀራ አንስቼ ልከፍል ስል ባለሱቁ ከጀርባው አዲስ የመጣ የቋንጣ ካርቶን ቀደደ። የበርበሬውና የደረቀው ሥጋ ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ ካርዴን እንደያዝኩ ቀረሁ። «እህቴ፣ ደህና ነሽ?» አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት። ምን ልበለው? አራተኛ ክፍል የጨረስኩበት ሰመር ቋንጣ ዘልዝለን ለድብ እንሰቅል ነበር ብለው እንጀራውንም አይሸጥልኝም።

አባዬ የሞተው ከዚያ ሰመር በፊት በነበረው መስከረም ነው። ታክሲ ነጂ ነበር። ከደንበኞቹ አንዷ ሚስ ኬረል የምትባል ነጭ አሮጊት ነበረች፤ አሌክሳንድሪያ ትኖር በነበረ ጊዜ ሐኪም ቤት ያመላልሳት ነበር። ከተማው ሰልችቷት በስተምዕራብ ተራሮቹ ግርጌ ወዳለው የአባቷ ቤት ስትመለስ፣ መንገድ ለመንገድ ስለ ንብ ሲያወራላት ከርሞ ነበርና «ጓሮዬ ባዶ ነው፣ ንቦችህን እዚያ አድርጋቸው» አለችው። እሱም ሦስት ቀፎ አቆመ። እኛ የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ እንኳን ንብ ድመት የማይፈቀድበት አፓርትመንት። አባዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ያን ሁሉ መንገድ ነድቶ ሄዶ፣ ማታ ጭስ ጭስ እየሸተተ ይመለስ ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት ለሥራ ሲነሳ ወደቀ። ልቡ ነው አሉ።

እማዬ ንብ ትፈራለች። ንብ ብቻ አይደለም፤ ሊፍት ትፈራለች፣ ሀይዌይ ላይ ሌን መቀየር ትፈራለች፣ ከሁሉ በላይ ሰው ምን ይለኛልን ትፈራለች። ታዲያ በአባዬ አርባ ቀን ምን እንደነካት እንጃ፣ ለቀስተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት «የሙት ዓመቱ ጠጅ ከገዛ ማሩ ነው የሚጣለው» ብላ ቁጭ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ። ሰው ሁሉ «እሰይ፣ የወግ ነው» አላት። ከዚያ በኋላ መመለሻ አልነበራትም።

እኔ ደግሞ በዚያው ቀን የሰማሁት ሌላ ነው። ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት ባልቴት ለጎረቤታቸው «ተዝካሩ በወጉ ያልወጣለት ነፍስ መንገድ ላይ ይቀራል» ሲሉ ጆሮዬ ጥልቅ አለ። እኔ የማውቀው መንገድ ከተማውን የሚዞረው ቤልትዌይ ነው። አባዬ ታክሲውን ይዞ ቤልትዌይ ላይ ሲዞር፣ መውጫው ጠፍቶት አሁንም አሁንም በዚያው ሲያልፍ ታየኝ። ማሩ ካልደረሰ አይወጣም ማለት ነው። ይህን ነገር ለማንም ሳልናገር ያን ክረምት ተሸክሜው ከረምኩ።

በፀደይ ሥራው ተጀመረ። ቅዳሜ ቅዳሜ እማዬ ከሌሊት ሥራዋ ተመልሳ ትንሽ ጋደም ትልና አሌክሳንድሪያ ሄደን አባባ ደምሴን እናነሳለን። አባባ ደምሴ የአባዬ አጎት ናቸው፣ አባዬን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፣ ልጅ ብለው የሚጠሩትም እሱን ብቻ ነበር። በወጣትነታቸው ጎጃም ንብ አናቢ ነበሩ። በዚህ ምክንያት ማንም ስለ ንብ ትንፍሽ እንዲል አይፈቅዱም። እማዬ ጓንት ስታጠልቅ «ንብ ጓንት ያጠለቀ ሰው ይንቃል» ይላሉ። እሷ ጓንት ላይ ጓንት ትደርባለች። «ተዉኝ አባባ፣ ይናቁኝ» ትላቸዋለች።

ትምህርት እንደተዘጋ በመጀመሪያው ቅዳሜ ስንደርስ ከሦስቱ ቀፎዎች አንዱ የለም። ማለቴ አለ፣ ግን ሳሩ ላይ ተበትኗል። ሳጥኑ ተገነጣጥሏል፣ ማር የሚሠራባቸው ፍሬሞች ተሰባብረዋል፣ ሰፈፉ ከነእጩ ታኝኮ ተተፍቷል። የተረፉት ንቦች ስብርባሪው ላይ ይርመሰመሳሉ፤ ድምፃቸው ሌላ ጊዜ ከማውቀው ቀጠን ያለና የተናደደ ነበር። እማዬ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች።

«የሰው እጅ ነው» አሉ አባባ ደምሴ። «የማር ሌባ የሌለበት አገር የለም።»

ሚስ ኬረል ከበረንዳዋ ወርዳ መጣችና በከዘራዋ ጭቃው ላይ ያለውን ኮቴ አሳየችን። ከዚያ ወደ ጫካው ጠቁማ ተናገረች። አስተርጓሚው እኔ ነኝ። «ድብ ነው አለች» አልኳቸው።

ሁለቱም አዩኝ። ድብ እኛ አገር የለም፤ ሦስታችንም ከሥዕል በቀር አይተን አናውቅም። አባባ ደምሴ ጎንበስ ብለው ኮቴውን በመዳፋቸው ለኩ፣ መዳፋቸው አነሰ። «ድብማ የመጽሐፍ ነገር ነው» አሉ። «እዚህ ምን ይሠራል?»

የሰንበት ትምህርት ቤት ዲያቆናችን በዚያው ሰሞን አንድ ታሪክ ነግሮን ነበር። ልጆች አንድ ነቢይ ላይ መላጣ፣ መላጣ እያሉ ሲያሾፉበት ከጫካ ድቦች ወጥተው ይሰባብሯቸዋል። እኔ ደግሞ በፊተኛው ቅዳሜ መኪና ውስጥ የአባባ ደምሴ መላጣ ፀሐይ አርፎበት ሲያበራ አይቼ እስኪያመኝ ስቄያለሁ። ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። ድቡ የመጣው እኔን ብሎ ነው፤ ማሩን ያገኘው በመንገዱ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባባ ኮፍያቸውን ባወለቁ ቁጥር ዓይኔ ወደ ጫካው ይሄዳል። «አባባ፣ ኮፍያዎን ያድርጉ፣ ፀሐይ ይመታዎታል» እላለሁ። እሳቸው «እንዴት ያለች አሳቢ ልጅ ናት» ይላሉ።

ሚስ ኬረል ሰው አክባሪ ነበረች፣ ግን ፈርታለች። ድቡ ሌሊት የበረንዳዋን ደረጃ ሲያሸት ሰምታለች። እኔን እያየች ቀስ ብላ ተናገረች፦ ሌላ ቀፎ ከተሰበረና ድቡ መመላለስ ከለመደ የቀሩትን ማንሳት አለባችሁ። የት እንደምናነሳቸው አልጠየቀችም። ሲልቨር ስፕሪንግ በረንዳ ላይ ንብ አይቀመጥም፣ የአባባ ደምሴ የሽማግሌዎች ሕንፃም ያው ነው። ከዚያ ጎረቤቶቿ የሚጠቀሙበትን ነገር ነገረችን፣ በፀሐይ የሚሠራ የኤሌክትሪክ አጥር።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ አባባ። ግን ቀድመው መኪና ውስጥ የገቡት እሳቸው ናቸው።

የእርሻ ዕቃ መሸጫው በመንገዳችን ላይ ነበር። ሻጩ ፂሙን ገና የሚያሳድግ ወጣት ነው። ሽቦ፣ ቋሚ ዘንጎች፣ መሬት የሚቀበር ረጅም ብረት፣ አናቱ ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ያለው ሳጥን ደረደረልን። የሚለውን ሁሉ እንደገባኝ ተረጎምኩ። «ይሄ ሳጥን ቀን ፀሐይ ይበላል፣ ሌሊት ይናከሳል» አልኳቸው። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንደሱ ሲባል ገባቸው።

«ዋናው ነገር» አለ ልጁ፣ «ሽቦው ላይ ቤከን ስቀሉ። የድብ ፀጉር ወፍራም ነው፣ በገላው ቢነካው አይሰማውም። በአፍንጫው ወይ በምላሱ መንካት አለበት።»

እማዬ «ምን አለ?» አለችኝ።

«የአሳማ ሥጋ ስቀሉ አለ።»

አባባ ደምሴ ኮፍያቸውን አወለቁ። ሱቅ ውስጥ ብንሆንም በሩን አየሁ።

«የት ላይ ነው የሚሰቀለው?»

«አጥሩ ላይ። በማሩ ዙሪያ።»

«ካህናት በሚቀምሱት ማር ዙሪያ?» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ የሚል ሰው ናቸው። «የልጄ ተዝካር በአሳማ ታጥሮ? ድቡ ይብላው። እሱ ቢበላው ይሻላል።»

«ተዉ አባባ፣ አሳማማ አይሆንም» አለች እማዬ። ሻጩ በየተራ ያየናል። እሷ የሽቦውን ጥቅል እያገላበጠች ቆየችና «ልጁ የሚለው ግን ሥጋ ነው አይደል?» አለች። «ሥጋ ከሆነ እኛም አለን።»

አጥሩን ስንተክል እጃችን ተላጠ። አባባ ብረቱን በመዶሻ ቀበሩ፣ እማዬ ሽቦውን ዘረጋች፣ እኔ ቋሚዎቹን ያዝኩ። ሳጥኑ ሲበራ ቲክ፣ ቲክ ማለት ጀመረ። ያ ድምፅ ደስ አላለኝም። እማዬ የተጠመዘዘ ሽቦ ላስተካክል ብላ፣ መብራቱን ሳታስብ በባዶ እጇ ያዘችው። ወደ ኋላ ተስፈንጥራ ሳሩ ላይ በቂጧ ተቀመጠች፤ ዓይኗ ፈጦ፣ አፏ ተከፍቶ፣ ድምፅ የለም። አባዬም ሲወድቅ ድምፅ አላሰማም።

«ነከሰኝ» አለች ኋላ ላይ። «ደህና ነኝ ብሌን፣ ነይ። ነክሶኝ ነው።» ሄጄ አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩና አልለቅም አልኩ። ወደ ቤት ስንመለስ ሙሉ መንገድ ከኋላ ወንበር እጄን ዘርግቼ ትከሻዋን እንደያዝኩ ነው።

በሳምንቱ ሳሎናችን ቋንጣ ቤት ሆነ። እማዬ ሥጋውን በቀጭን በቀጭኑ ዘለዘለች፤ በጨው፣ በበርበሬ፣ በጥቁር አዝሙድ አሸችው፤ ከመጋረጃው ዘንግ እስከ ኩሽናው በር ገመድ ወጥራ ሰቀለችው። ማራገቢያው ቀን ከሌሊት ይዞርበታል። እኔ ሥሩ ሶፋው ላይ ተኝቼ ካርቱን አያለሁ፣ አልፎ አልፎ በርበሬ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ፎቅ ላይ ያለችው ጎረቤታችን ሽታው ስቧት በሩን አንኳኩታ «እንግዳ ይመጣባችኋል እንዴ?» አለች። እማዬ «አዎ» አለቻት፣ ሌላ ምን ትበል። ለምን በርበሬ እንደሚያስፈልገው ስጠይቃት ግራ ገብቷት አየችኝ። «ያለ በርበሬማ ምኑን ቋንጣ ሆነው?» አለችኝ።

ሰቀልነው። ቀይ ቋንጣ በየክንዱ ርቀት ሽቦው ላይ ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ ሚስ ኬረል መጥታ አየችው፣ አሸተተችውና ወደ በረንዳዋ ተመለሰች። ሳምንት አለፈ፣ ሌላ ሳምንት አለፈ፣ ሁለቱ ቀፎዎች ደህና ነበሩ። አባባ ደምሴ «ያውላችሁ፣ አሳማ አላስፈለገም» ማለት ጀመሩ። እማዬ ለጠጁ ጌሾ የሚመጣበትን በስልክ ማጠያየቅ ጀመረች።

በጁላይ መጨረሻ ሚስ ኬረል ጠዋት ኮል አደረገች። እማዬ ስልኩን ለእኔ ከመስጠቷ በፊት ገብቷት ነበር፣ ፊቷ አመድ መሰለ። ሁለተኛው ቀፎ ሄዷል።

ደርሰን ስናይ ቋንጣው በሙሉ የለም። አንድም አልተረፈም፤ ያሰርንበት ክር ብቻ ንጹሕ ሆኖ ተላልሶ ቀርቷል። ሁለት ቋሚዎች ወደ ውስጥ ተጋድመዋል። ሳጥኑ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ቲክ፣ ቲክ ይላል። ድቡ ቋንጣውን አንድ በአንድ ከክሩ ላይ እየነጠቀ በልቶ፣ አጥሩን በትከሻው ገፍቶ ገብቷል።

«በርበሬ የማይፈራ ድብ» አሉ አባባ፣ ክሩን እያዩ። «ይሄ የእኛው ዘመድ ነው።» ማንም አልሳቀም፣ እሳቸውም አልሳቁ።

ሚስ ኬረል ነገሩን አስረዳችን። ደረቅ ሥጋ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ያውም በክር የተንጠለጠለ። በገዛ እጃችን ድቡን ማዕድ አቅርበን ጋብዘነዋል። እርጥብ፣ ቅባት ያለው፣ ሽቦው ላይ የሚለጠፍ ነገር ነው የሚያስፈልገው። ከዚያ እማዬን ክንዷን ይዛ «ሌላ አንድ ዕድል ብቻ» አለቻት። ይህን መተርጎም አላስፈለገም።

እማዬንና አባባን እንደዚያ ቀን ተናደው አይቻቸው አላውቅም። መኪናው ውስጥ አባባ ደምሴ «በእኔ ጊዜ ቀፎ ዛፍ ላይ ነበር የሚሰቀለው» ሲሉ እማዬ መሪውን እንደጨበጠች «በእርስዎ ጊዜ ድብ አልነበረማ» አለቻቸው። በዚያ ድምፅ አናግራቸው አታውቅም። «ሳምንት ሙሉ ሥጋ ስዘለዝል አይሆንም ያለኝ አለ? የሙት ዓመቱ ሊደርስ ነው። ሰው ምን ይለኛል? ባሏ የተወላትን ሦስት ቀፎ መጠበቅ አቃታት ይሉኛል።» አባባ ወደ መስኮቱ ዞሩ። እኔ ደግሞ ቤልትዌይ ላይ ስንደርስ በየታክሲው ውስጥ ማየት ያዝኩ።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ። የመጀመሪያው የፍልሰታ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ፣ አንዱ የቀረው ቀፎ አጠገብ ቆመን ምን እንደምንቀባ እንመክራለን።

«ቅቤ» አልኩ።

«በፍልሰታ?» አለች እማዬ።

«ዓሣ።»

«ፍልሰታ ነው እያልኩሽ።»

«ድቡ እኮ ነው የሚበላው።»

«የሚቀባው እጅ ግን የእኔ ነው፣ ማሩም የተዝካር ነው» አለች፣ ነገሩ አበቃ።

ጾም ሲሆን ለእኔ ምሳ የምትቋጥርልኝ አንድ ነገር ነው፣ ዳቦ በፒነት በተር። ያን ሰዓትም እጄ ላይ ነበር፤ ሙቀቱ አቅልጦት በጣቶቼ መሀል እየወረደ ነው። እማዬ ጣቶቼን አየች። እኔም ጣቶቼን አየሁ። አባባ ደምሴ ዳቦውን ተቀብለው አሸተቱት።

«የምንድን ነው?»

«የለውዝ ቅቤ ነው፣ አባባ» አለች እማዬ። «የጾም ነው።»

«ወተት የለበትም?»

«የለበትም።»

«እንግዲህ ድቡም ይጹማ» አሉ።

እማዬ ሳጥኑን አጠፋችው። ሚስ ኬረል ከቤቷ የአልሙኒየም ፎይል አምጥታልን በቁራጭ በቁራጩ ሽቦው ላይ አጥፈን፣ እኔ በማንኪያ፣ እማዬ በጣቷ፣ አንድ ትልቅ ጠርሙስ ፒነት በተር ቀብተን ጨረስን። አባባ የተጋደሙትን ቋሚዎች አቀኑ። ስንጨርስ ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ እየገባች ነበር። ሦስታችንም ዝለናል፤ መኪና ውስጥ ገብተን ሽሮ በእንጀራ ጠቅልላ ያመጣችውን መብላት ጀመርን። መስኮቱ ክፍት ነው። አባባ ላብ ስላስቸገራቸው ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«አባባ፣ ኮፍያዎን» አልኩ።

«አሁንማ ፀሐይ የለም፣ ልጄ።»

የጫካው ዳር ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ ጥላ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ጥላው ወጥቶ ሳሩ ላይ ቆመ፣ ጥቁር፣ ጆሮው ክብ፣ አፍንጫው ወደ ላይ። የጎረስነውን ማናችንም አልዋጥነውም። በቀጥታ ወደ ቀፎው ሳይሆን በዙሪያው እያዘገመ፣ እያሸተተ ይመጣል። እኔ ጆሮዬን ወደ መስኮቱ ቀስሬ አንድ ነገር እጠብቃለሁ። የምጠብቀው የለም።

«እማዬ» አልኩ። «ቲክ ቲክ አይልም።»

ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። ፎይሉን ልንቀባ ስንል አጥፍታዋለች፤ መልሶ ያበራ ሰው የለም። ያን ሁሉ ቀብተን ለሁለተኛ ጊዜ ማዕድ አቅርበንለታል።

የበሩን እጀታ ያዘች። «ተቀመጪ» አሉ አባባ፣ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፃቸው። «ወይንሸት፣ ልጅ አለሽ። ተቀመጪ አልኩሽ።»

«አንድ ነው የቀረኝ» አለች። በሩን ከፍታ ወጣች።

ሊፍት የምትፈራው እናቴ ናት። ሳጥኑ ከእኛ ወገን ባለው ጥግ ላይ ነበር፣ ድቡ ከዚያኛው ወገን። አልሮጠችም። እጆቿን ጎኗ ላይ አጣብቃ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሰው መሀል እንደምታልፍ ቀስ ብላ ሄደች። ድቡ አያትና በኋላ እግሮቹ ተነሳ። በውስጤ «እኔን ነው የፈለግከው፣ እሷን አይደለም» እላለሁ፤ ወርጄ ልነግረው በሩን ስገፋ አባባ ክንዴን ይዘውኝ ነበር። በአፋቸው የሚያነበንቡት ጸሎት ነው፣ አሁንም አሁንም መጀመሪያው ላይ እየተመለሱ።

እማዬ ሳጥኑ ጋ ደረሰች። ጎንበስ አለች። ድቡ ወርዶ አንገቱን አስረዘመና ምላሱን ወደ ፎይሉ ላከ።

ቲክ።

ድቡ ያሰማውን ድምፅ ዛሬም እሰማዋለሁ። እንደ ጥጃ ነው የጮኸው። ወደ ላይ ተወረወረ፣ ተገለበጠ፣ አቅጣጫው ጠፍቶት በመኪናችን ጎን በቅርብ ሲያልፍ ዓይኑን አየሁት። ወጣት ነበር፣ ጎኑ የጎደለ፣ ከእኔ ይልቅ የፈራ። የእኔን ስም የሚያውቅ አይመስልም ነበር። ጫካው ውስጥ ገብቶ ቅርንጫፍ ሲሰብር ለረጅም ጊዜ ተሰማ፣ ከዚያ ዝም አለ።

እማዬ ተመልሳ መጥታ የመኪናውን በር መክፈት አቃታት፤ እጀታውን ትስበዋለች፣ ያመልጣታል። አባባ ከውስጥ ከፈቱላት። ተቀምጣ ሁለት እጇን ጭኗ መሀል አድርጋ ቆየች።

«ጾሙንስ አላስገደፍነውም» አሏት አባባ በመጨረሻ። ከዚያ «ጎበዝ» አሏት፣ ዓይናቸውን ሳያነሱ። ያን ቃል ከአባዬ በቀር ለማንም ሲሉ አልሰማሁም ነበር።

ድቡ አልተመለሰም። ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ባለው ቅዳሜ ማር ልንቆርጥ ሄድን፤ ጠጁ እንዲደርስ ከዚያ በላይ መቆየት አንችልም። እማዬ ባዶ ባልዲዎች አጥባ ጭናለች። ጭሱን ነፋንና ቀፎውን ከፈትነው። ያ ሰመር ደረቅ ነበር፣ አበባው ቀድሞ ጠውልጓል። የቀፎው የላይኛው ሳጥን ባዶ ነው፤ ሰፈፍ ብቻ። ማሩ ያለው ከታች፣ ንቦቹ ራሳቸው በሚኖሩበት ነው። እማዬ አንድ ፍሬም አወጣች። ከዳር እስከ ዳር በነጭ ሰም የታሸገ፣ ከባድ ማር ነው።

«ቁረጪ» አሉ አባባ። «ለጠጁ ይበቃል።»

ሚስ ኬረል አይሆንም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ይህን ከወሰዳችሁ ንቦቹ ፀደይን አያዩም አለች፤ በረዶ ሲወርድ የሚበሉት ይኸው ብቻ ነው። ተረጎምኩ።

«በእኛ አገር መስከረም ሲጠባ ምድሩ አበባ ነው» አሉ አባባ። «ያን ጊዜ ይተኩታል።»

«እዚህ መስከረም የአበባው መጨረሻ ነው ትላለች» አልኳቸው።

እማዬ ፍሬሙን እንደያዘች ቆመች። ንቦቹ ጓንቷ ላይ ይሄዳሉ፣ አታራግፋቸውም። ምን እያሰበች እንደነበር አላውቅም፤ በአርባው ቀን የተናገረችውን ይሆናል፣ ሰው የሚላትን ይሆናል። ከዚያ ፍሬሙን ወደ ቦታው መለሰች፣ ክዳኑን ገጠመች፣ አናቱ ላይ ድንጋዩን ጫነች።

ያኔ የከረመብኝ ገነፈለ። «አባዬስ?» አልኩ። «አባዬ ታዲያ በምን ይወጣል?» አልገባቸውም። እያለቀስኩ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በአማርኛ፣ ታክሲውንም ቤልትዌዩንም ያ መውጫ የሌለውን መንገድም ነገርኳቸው። እማዬ ጓንቷን አውልቃ ወደ እኔ ልትመጣ ስትል አባባ ደምሴ ቀደሟት። ጉልበታቸው እያመማቸው ሳሩ ላይ ተንበረከኩና ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙ። ቁረጪ ብለው ያዘዙት፣ ከአፍታ በፊት፣ እሳቸው ናቸው።

«ስሚኝ ብሌን» አሉኝ። «አባትሽን ያሳደግኩት እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። ንብ አስርቦ የሚገባበት ቤት የለም። ቢኖርም ደጁ ደርሶ ይመለሳል።»

ባልዲዎቹን ባዶአቸውን ይዘን ተመለስን። ጠጁ ከገበያ በተገዛ ማር ተጣለ።

የሙት ዓመቱ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሞላ። ካህናቱ ባርከው፣ ምግቡ ተበልቶ፣ እማዬ በጥቁር ልብሷ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ጠጅ ታዞራለች። የሴቶቹ ማኅበር ሰብሳቢ እትዬ ጥሩወርቅ፣ ምላሳቸው የሚፈራ ሴት፣ ቀመስ አድርገው ጠረጴዛው ሁሉ እንዲሰማ «አቤት» አሉ። «የራሱ ማር መሆኑ ከጣዕሙ ያስታውቃል። ቃሏን የጠበቀች ሴት።»

ሰው ሁሉ ወደ እማዬ ዞረ። ዝም ብትል ያበቃ ነበር። አባባ ደምሴም ዝም እንድትል በዓይናቸው ነግረዋታል፣ አይቻቸዋለሁ።

«የእሱ አይደለም፣ እትዬ» አለች። «የገዛሁት ነው። የእሱን ለንቦቹ ተውኩላቸው፤ ክረምቱን ካልበሉ ያልቃሉ።»

«ለንቦቹ?»

«ለንቦቹ። እሱም ቢሆን አይነካባቸውም ነበር።»

እትዬ ጥሩወርቅ ብርጭቆአቸውን እንደያዙ አዩዋት። እማዬ የምትለው ያላት መስላ አፏን ከፈተች፣ ግን አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ማንቆርቆሪያውን እንዳቀፈች ተቀመጠችና አለቀሰች። ለቀብሩም፣ ለአርባውም እንግዳ ስታስተናግድ ያልወጣላት ልቅሶ ነው፣ ድምፅ ያለው፣ የአባዬን ስም እየጠራች። ልማዱ ሲያለቅሱ «በቃ፣ በቃሽ» እያሉ ዝም ማሰኘት ነው። እትዬ ጥሩወርቅ ማንቆርቆሪያውን ከእቅፏ ቀስ ብለው ወሰዱላትና መሬት ላይ አስቀመጡት። እኔ ሄጄ ጉልበቷ ላይ ተቀመጥኩ። በዚያ አዳራሽ ሙሉ ሰው መሀል ማንም በቃሽ አላላትም።